ሁለት አንጓ አንድ እስኪሆን፦ የአከርካሪ አጥንት ማጣመር ቀዶ ሕክምና ለታዘዘላችሁ

በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. ሁለት የወገብ አንጓዎቼ፣ ማለትም የአከርካሪ አጥንቶቼ፣ አንድ አጥንት ሆነው እንዲያያዙ በአራት ብሎንና በሁለት ዘንግ ታስረው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወጣሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ28 ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሴት ነኝ፤ ያን ጊዜ ዕድሜዬ 52 ነበር። ስለ አጥንትና ስለ ነርቭ በየዓመቱ ሳስተምር ብኖርም፣ ተራው በራሴ ላይ ሲደርስ ማወቅ ከነበረብኝ አብዛኛውን የተማርሁት ከስሕተቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሕክምና የታዘዘላቸው ሰዎች፣ አንዳንዶቹም ፈጽሞ የማላውቃቸው፣ በሰው በሰው ስልኬን እያገኙ ይደውሉልኛል። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ቀዶ ሕክምናው ዕለት ነው። ያ ዕለት በሐኪሙ እጅ ነው፤ በታማሚው እጅ ያለው ከዚያ በኋላ የሚመጣው አንድ ዓመት ስለሆነና እኔም የተሳሳትሁት እዚያ ላይ ስለሆነ፣ በብዛት የምጽፈው ስለዚያ ዓመት ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በ2013 ዓ.ም. ነው። ቆሜ ሳስተምር ከግራ ዳሌዬ ተነሥቶ፣ በጭኔና በባቴ ጎን ወርዶ፣ እስከ እግሬ ጀርባ የሚዘልቅ የሚያቃጥል ሕመም ይሰማኝ ነበር፤ ቁጭ ስል ወይም ፊት ለፊት ያለው የተማሪ ዴስክ ላይ ጎንበስ ብዬ ስደገፍ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቀኛል። በቅዳሴ ጊዜ መቆም አቅቶኝ ገና ወንጌል ሳይነበብ መቀመጫ መፈለግ ጀመርሁ። በኋላ ሐኪሙ እንዳስረዱኝ፣ ሰው ጎንበስ ሲል ነርቮቹ የሚያልፉበት ቦይ ትንሽ ሰፋ ይላል፣ ቀና ሲል ይጠብባል። ስለዚህ መቆምና መራመድ የሚያምማችሁ፣ መቀመጥና ማጎንበስ የሚያሳርፋችሁ ከሆነ፣ የዕድሜ ድካም ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ይህንኑ በዚህ መልክ ለሐኪም ንገሩ፤ ለምርመራው ትልቅ ፍንጭ ነው።

እኔ ግን በመጀመሪያ የሄድሁት ወጌሻ ዘንድ ነበር። ለወለምታና ለውልቃት በእኒያ አባት እጅ የዳኑ ሰዎች ስለማውቅ በእሳቸው አልፈርድም። ወገቤን ሲዳስሱ ቆይተው «አይዞሽ ልጄ፣ ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ነው፤ እመልሰዋለሁ» አሉኝ፤ በቅቤ አሽተው፣ አንድ ጎረምሳ ትከሻዬን ይዞ፣ እሳቸው እግሬን ጎተቱ። አጥንቱ በእርግጥም ከቦታው ፈቀቅ ብሎ ነበር። ይሁን እንጂ አንዱ አንጓ በሌላው ላይ ወደ ፊት ሲንሸራተት ከውጭ በእጅ የሚመለስበት መንገድ የለም፤ በተጨነቀ ነርቭ ላይ የሚደረግ ጉተታ ደግሞ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ለሁለት ሳምንት ያህል ከአልጋ ሳልነሣ ቆየሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ዲክሎ (ዲክሎፌናክ) በሚባለው የሕመም ማስታገሻ መርፌና ክኒን ኖርሁ፤ ሕመሙ በተነሣብኝ ቁጥር እወጋለሁ፣ ለጥቂት ቀን ይተወኛል፣ ተመልሶ ይመጣል፤ ጨጓራዬም በዚያው ተጎዳ። ማስታገሻው ሕመሙን ሲሸፍንልኝ ነርቩ ግን እንደተጨነቀ ነበር።

ሰኔ 2014 ዓ.ም. አንድ ማታ ከግቢያችን ቧንቧ ወደ ቤት ስገባ ልጄ «እማዬ፣ ጫማሽ የት ሄደ?» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ የግራ እግሬ ባዶ ነው፤ ነጠላ ጫማው ቧንቧው አጠገብ ቀርቷል። በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ስምንት ወይም ዘጠኝ እርምጃ በባዶ እግሬ ስሄድ አልታወቀኝም ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የሁለቱንም እግሮቼን አውራ ጣት ወደ ላይ ለማንሣት ሞከርሁ፤ የቀኙ ተነሣ፣ የግራው ግን እንደተኛ ቀረ። ባለቤቴ በዝምታ ሲያየኝ ቆይቶ «ነገ አዲስ አበባ እንሄዳለን» አለ። ሕመም ብቻ ሲሆን ለማሰብ ጊዜ አለ፤ እግር መዛል ሲጀምር ግን ነርቩ እየተጎዳ ስለሆነ ቀጠሮ እያሸጋገሩ መቆየት አይገባም። እኔ ከዚያ በፊት ያባከንሁት ጊዜ እስከ ዛሬ ድረስ ዋጋ ያስከፍለኛል።

ኤም አር አይ ሲነሣ ሐኪሞች ኤል ፎር የሚሉት አራተኛው የወገብ አንጓ በአምስተኛው ላይ ወደ ፊት ተንሸራትቶ፣ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ አጣብቆት ተገኘ። የመጀመሪያው ሐኪም በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ብሎን ያስፈልጋል» ብለው ቀጠሮ ሰጡኝ። ሐሳባቸው ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ለምን እንደሚያስፈልግ ስላልገባኝ ፍርሃቴ ጨመረ፣ ሌላ ሐኪምም ማማከር ፈለግሁ። ሁለተኛ አስተያየት መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም አይቀየምበትም። ሁለተኛው ሐኪም ጎንበስ ብዬና ወደ ኋላ ቀና ብዬ ቆሜ ራጅ እንድነሣ አደረጉ፤ ኤም አር አይ የሚነሣው ተኝተን ስለሆነ አጥንቱ በእንቅስቃሴ ጊዜ ምን እንደሚሆን አያሳይም። በሁለቱ ራጆች መካከል አንጓው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አየሁት።

እኒህ ሐኪም ከሌሎች ያልሰማሁትን ነገሩኝ። የተንሸራተተ አንጓ ሁሉ በብሎን መታሰር አለበት ማለት እንዳልሆነ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ የተካሄደ ጥናት ነርቩን ማላቀቅ ብቻውን ከማጣመር ጋር ተዳምሮ ከሚደረገው ያልተናነሰ ውጤት እንዳሳየ፣ በዚያው ዓመት የወጣ የአሜሪካ ጥናት ግን ማጣመሩ መጠነኛ ብልጫ እንዳለው እንዳገኘ፣ ስለዚህም ውሳኔው በየታማሚው አጥንት ሁኔታ እንደሚወሰን ገለጹልኝ። የእኔው የሚንቀሳቀስ በመሆኑ፣ ነርቩን ለማላቀቅ የኋላውን አጥንት ሲያነሡለት የበለጠ ሊንሸራተት ስለሚችል ማጣመሩ ግድ ነበር። እናንተም «ማላቀቁ ብቻ ለምን አይበቃኝም?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኞቹ አንጓዎች እንደሚያያዙ፣ የሚተከለው አጥንት ከየት እንደሚወሰድ፣ የእግሬ ሕመም ነው ወይስ የወገቤ ሕመም ይበልጥ የሚሻለው የሚለውንም አብራችሁ አንሡ። በዚህ ሕክምና በተሻለ እርግጠኝነት የሚጠበቀው የእግሩ ሕመም መቀነስ ነው፤ የወገቡ ሕመም እንደየሰዉ ይለያያል። ይህን አስቀድሜ ባላውቅ ኖሮ በኋላ ተስፋ እቆርጥ ነበር። የገንዘቡንም ነገር ሳታፍሩ ጠይቁ፤ ብሎኑና ዘንጉ ከቀዶ ሕክምናው ዋጋ ተለይቶ የሚታሰብበት ቦታ ስላለ፣ ጠቅላላውን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ዝግጅቱ የወሰደብኝ አንድ ወር ነው። የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ማነስ ምርመራ ተደረገልኝ፤ ሁለት የወንድሜ ልጆች ወደ ደም ባንክ ሄደው ደም ሰጡ። የምወስደውን ሁሉ፣ ለልብ ተብሎ የታዘዘልኝን አስፕሪንና በቤት የምጠጣውን ባህላዊ መድኃኒት ጭምር፣ አንድም ሳልደብቅ ተናገርሁ፤ ደም የሚያቀጥን ነገር ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚቆምበት ቀን ሐኪሙ የሚወስነው ነው። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ፣ ኒኮቲን አጥንት እንዳይያያዝ ከሚያደርጉ ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ ሳምንታት ቀደም ብሎ ማቆም አለበት። በቤታችን ትልቁ ችግር መጸዳጃ ቤቱ ነበር፤ የሚቀመጡት ቁጢጥ ብለው ነው። ባለቤቴ አናጺ ጠርቶ መካከሉ ክፍት የሆነ፣ የጉልበቴ ቁመት ያለው ጠንካራ ወንበር አሠራልኝ። ካወጣነው ወጪ ሁሉ እንደዚያ ወንበር የጠቀመኝ የለም። አልጋዬንም ከፍ አስደረግሁ፤ ድስቱን፣ የጤፉን ጣሳ፣ ልብሴን በሙሉ ከወገብ በታች እንዳይሆን ወደ ላይ አወጣሁ። ዱካና በርጩማን ደግሞ ከዓይኔ አራቅሁ፤ ካዩት መቀመጥ ያስመኛል።

በሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ከጎኔ የተኛው ወጣት የአከርካሪ ቲቢ አጥንቱን በልቶበት የመጣ ነበር፤ ማዶ ያለችው ደግሞ ከፎቅ የወደቀች የቀን ሠራተኛ። ሦስታችንም በተለያየ ምክንያት ለአንድ ዓይነት ሕክምና ተሰልፈናል። ሕክምናው ራሱ በ1911 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ሂብስና አልቢ በሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ሲጀመር የታሰበው ለዚያ ወጣት ዓይነት ታማሚ፣ ለአከርካሪ ቲቢ ነበር። ያን ጊዜ ብሎን የለም፤ አጥንቱ እስኪይዝ ለወራት መተኛት ነበር ዕጣው። ይህን ስሰማ በማግስቱ ቆሜ እንደምሄድ የተነገረኝ ነገር ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ተረዳሁ።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የምለው ጥቂት ነው። በሆድ አስተኝተው አራት ሰዓት ያህል ሠርተውልኛል፤ ነርቩን ለማላቀቅ ያነሡት የራሴ አጥንት ተከትፎ በሁለቱ አንጓዎች መካከልና ዳር ተመልሶ ገብቷል። ስነቃ ፊቴ አብጦ፣ ጉሮሮዬ በመተንፈሻው ቱቦ ምክንያት ተልጦ ነበር፤ ሁለቱም በሁለት ቀን ጠፉ። ነርሷ «እናቴ፣ እግርዎን ያንቀሳቅሱ» ስትለኝ ሁለቱም ተንቀሳቀሱ። ዓመት ከመንፈቅ የኖረብኝ የእግሬ ቃጠሎ የለም። ወገቤ ግን ፈጽሞ ያልጠበቅሁት ሕመም ነበረው፤ ቁስሉ ጥልቅ ነው፣ ጡንቻዎቹ ተገፍተው ነው የተሠራው፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው። ማስታገሻውን ሕመሙ ሳይጸናባችሁ በሰዓቱ ጠይቁ፤ ችሎ መዋል የሚያስመሰግን ነገር የለውም፤ ሕመም ያሰረው ሰው አይራመድም፣ በጥልቀትም አይተነፍስም።

በማግስቱ ጠዋት የፊዚዮቴራፒው ባለሙያ መጣ። መምህር መሆኔን ሰምቶ «ቲቸር፣ ዛሬ እኔ ነኝ የማስተምርዎት» አለኝ። ከአልጋ መነሣትን እንደ ሕፃን ተማርሁ። በጀርባ ተኝቶ ቀጥ ብሎ መነሣት ክልክል ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ጉልበቶቼን አጥፌ፣ ትከሻዬና ዳሌዬ እንደ አንድ ግንድ እኩል እየተንከባለሉ ወደ ጎን እዞራለሁ፤ ቀጥሎ እግሮቼን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ሳወርድ በዚያው ቅጽበት በክርኔና በመዳፌ አልጋውን ገፍቼ ቀና እላለሁ፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል፣ ወገብ አይጠመዘዝም። ስተኛም በዚያው መንገድ ወደ ኋላ ነው። በዚያ ጠዋት እስከ በሩ ሄጄ ተመለስሁ፣ ማታ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ። ይህን አነሣሥ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በቤታችሁ ተለማመዱት፤ እኔ እያመመኝ ከምማረው አስቀድሜ ባውቀው ምንኛ ጥሩ ነበር።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር የሆድ ድርቀት ነው። ጠንካራዎቹ ማስታገሻዎች አንጀትን ያደርቃሉ፤ በአራተኛው ቀን የሆዴ ጭንቀት ከቁስሉ በለጠ። ማማጥ ደግሞ ወገብን ይጎዳል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ውኃ መጠጣት፣ ፓፓያና ተልባ መውሰድ፣ መራመድ፣ ካልሆነም የሚያለሰልስ መድኃኒት እንዲታዘዝ መጠየቅ ይገባል።

ከሆስፒታል ስወጣ በወረቀት የተሰጠኝን የአደጋ ምልክት እዚህ በሙሉ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው አፍሮ የሚደብቀው አለበት። በሁለቱ ጭኖች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም ሳያውቁት ማምለጥ፣ ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ አዲስ የእግር መዛል ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል፤ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ትኩሳት፣ ከቁስሉ መግል ወይም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ መውጣት፣ ቀና ሲሉ የሚብስ ሲተኙ የሚለቅ ራስ ምታት፣ የባት ማበጥ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠርም እንዲሁ አይታደሩም።

በስድስተኛው ቀን ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ አጋድመን፣ ሰንዳፋ፣ አለልቱና ሸኖ ላይ እየወረድሁ አምስት አምስት ደቂቃ ተራመድሁ። ለብዙ ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ደም በእግር ውስጥ እንዲረጋ ስለሚያደርግ፣ ከሩቅ አገር የምትመጡ ይህን አትዝለሉ። ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት በኮብልስቶን ላይ የሚነጥረውን ባጃጅ አልተሳፈርሁም።

ቤት እንደደረስሁ ጠያቂ መጣ። የአገራችን ደግነት ነው፤ ጎረቤቱ፣ ዕድርተኛው፣ መምህሩ፣ ተማሪው ሁሉ ዳቦና ፍራፍሬ ይዞ ገባ። እኔም ሰው ይከፋዋል ብዬ፣ ተኝቼ ማስተናገድን ነውር አድርጌው፣ በመጀመሪያው እሑድ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ሶፋ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። ሶፋ ለስላሳና ዝቅ ያለ ነው፤ ወገብን ያጎብጣል። ማታ እያለቀስሁ ነው የተኛሁ። ልጄ ከማግስቱ ጀምሮ «እማዬ ሃያ ደቂቃሽ አልቋል» እያለች ሰው ፊት ታስነሣኝ ጀመር፤ በመጀመሪያ አፈርሁ፣ በኋላ ግን ጠያቂዎቼ ራሳቸው ሰዓት ያዩልኝ ጀመር። የመጀመሪያውን ወር በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በላይ አትቀመጡ፤ ወንበሩም ከፍ ያለ፣ ጀርባው ቀጥ ያለ ይሁን። ቡናው ሲፈላ እኔ ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ነበር የምጠጣው።

በሦስተኛው ሳምንት የእግሬ ሕመም ተመለሰ። ያን ሌሊት አልረሳውም፤ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ሥቃይ ከንቱ ቀረ ብዬ ባለቤቴን ሳልቀሰቅስ ጣሪያውን እያየሁ አነጋሁ። ጠዋት ከመድኃኒት ቤት የለመድሁትን ዲክሎ አስገዝቼ ለአራት ቀን ዋጥሁ። ሐኪሜ ዘንድ ስደውል ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፣ ለረጅም ጊዜ የተጨነቀ ነርቭ ከተላቀቀ በኋላ በእብጠትና በመቆጣት ሕመሙ ለሳምንታት ሊመለስ ይችላል፤ ነርቭ የሚያገግመው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለተኛውን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ጠበቅ አለ፤ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አጥንት የሚሠራበትን ሂደት ሊያዘገዩ ስለሚችሉ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ እሳቸው ፈቃድ እንዳልነካቸው። በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ አላነበብሁትም። የመውጫ ወረቀታችሁን እናንተም ብቻ ሳትሆኑ የሚያስታምማችሁ ሰውም ያንብበው።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ አምስተኛ ሳምንቴ ላይ ነበርሁ። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት ብዪ ብለውኛል፤ እኔ ደግሞ ጾም አፍርሼ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን የምታዝን እናት መሆኗን ነግረውኝ ፈቀዱልኝ። ስግደቱንም እንደዚሁ፤ ለዓመት አልሰግድም፣ መቋሚያ ተደግፌ ቆሜ እጸልያለሁ። የሚጾም ሰው ካለ ቢያንስ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ በየማዕዱ ይኑርለት፤ አጥንትና ቁስል ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የቫይታሚን ዲ መጠኔም ዝቅተኛ ሆኖ ስለተገኘ ታዞልኝ ወሰድሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ራጅ ስነሣ ነጭ ሆነው የሚታዩት ብሎኖቹ ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አጥንት የሚባል አላየሁም። ሐኪሙ ሐዘኔን አይተው፣ «መምህር፣ ሶሌታ ሲሞላ አይተው ያውቃሉ?» አሉኝ። ኮንክሪቱ እስኪደርቅ ከሥር የባሕር ዛፍ ቋሚ ይደገፋል፤ ከላይ የሚያየው ሰው ሁሉ ቤቱ ያለቀ ይመስለዋል፣ የተሸከመው ግን እንጨቱ ነው። «ብሎኑ ያ እንጨት ነው፤ ቤቱ አጥንቱ ነው። አጥንቱ ሳይዝ ጭነት ከበዛበት ብሎኑ ይላላል፣ ወይም ይሰበራል» አሉኝ። ለመያዝ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ይህን ሰምቼም አጠፋሁ። በአሥረኛው ሳምንት፣ የገና በዓል ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ምንም አያምመኝም ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ በአስፋልቱ ዳር እራመዳለሁ። ጠፍቶ የሰነበተው ውኃ ንጋት ላይ መጣ፤ ባለቤቴ ሥራ አድሯል፣ ልጄ ተኝታለች። ጀሪካኑ እስከ ግማሹ ሲሞላ፣ ልጄን ከምቀሰቅስ ብዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ፣ በቀኝ እጄ አነሣሁትና ወደ በሩ ዞርሁ። አሥር ሊትር ውኃ አሥር ኪሎ ነው፤ የተፈቀደልኝ ሦስት ኪሎ ነበር። ማንሣትና መጠምዘዝን በአንድ ላይ አደረግሁት። በወገቤ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ጨርቅ ሲሳብ ተሰማኝ፤ ጀሪካኑ ወደቀ፣ ውኃው እግሬ ሥር ፈሰሰ፣ እኔም ግድግዳውን ይዤ ልጄን ጮኬ ጠራሁ።

አዲስ አበባ ደርሼ ራጁ እስኪታይ ያሳለፍሁት ሦስት ቀን ከቀዶ ሕክምናው ሁሉ የከፋ ነበር። ብሎኖቹ ባሉበት ነበሩ፤ የተጎዳው ጡንቻ ነው። ሐኪሙ አልተቆጡኝም፤ «ሕመሙ ጠፋ ማለት አጥንቱ ያዘ ማለት አይደለም» ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአካሌን ስሜት ማመን ትቼ ቀኑን መቁጠር ጀመርሁ። ማጎንበስ፣ ማንሣት፣ መጠምዘዝ፤ እነዚህን ሦስቱን ሐኪማችሁ እስኪፈቅድ ድረስ ደህና በሆናችሁባቸው ቀናት ይበልጥ ተጠንቀቁባቸው። መሬት ላይ ነገር ሲወድቅባችሁ ትታችሁት እለፉ፣ ሌላ ሰው ያነሣዋል። ጡንቻ እንዲያርፍ በጎን ስትተኙ በጉልበቶቻችሁ መካከል ትራስ አድርጉ። ባልና ሚስትም አብሮ ስለ መተኛት መቼና እንዴት ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ስለሚታፈርበት ማንም አይነግራችሁም።

በዚያው ወቅት ልቤም ከብዶ ነበር። ሰው ሁሉ «ድነሻል እኮ» ይለኛል፤ እኔ ግን እንጀራ መጋገር፣ ልብስ ማጠብ፣ የራሴን ካልሲ መልበስ አልችልም። ለቤተሰቤ ሸክም ሆንሁ የሚል ሐሳብ ሌት ሌት ይመጣብኝ ነበር። ለእህቴ በስልክ ስነግራት ቀለለኝ፤ ለሐኪሙም ተናገርሁ፣ እሳቸውም የሚያጋጥም ነገር መሆኑን ነግረውኝ ክትትል አደረጉልኝ። አስታማሚዎች፣ በሽተኛችሁ ሲዘጋና ሲነጫነጭ ምስጋና ቢስ ሆኖ እንዳይመስላችሁ።

ከሦስተኛው ወር ራጅ በኋላ የሆድና የጀርባ ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በባለሙያ ጀመርሁ፤ የካቲት ላይ ሁለተኛው መንፈቅ ሲከፈት በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ እያስተማርሁ ተመለስሁ። ከፍ ያለ ወንበር ሰሌዳው አጠገብ ተቀመጠልኝ፣ የሰሌዳውን የታችኛውን ግማሽ ተማሪዎች ይጽፉልኛል። ርእሰ መምህሩ የፈቀዱልኝ የሐኪም ወረቀቱን አስቀድሜ ስላቀረብሁ ነው፤ ከመሄዳችሁ በፊት ስለ ፈቃዱና ስለ ቀላል ሥራው ተነጋግራችሁ ጨርሱ።

በዓመቱ በተነሣሁት ራጅ ላይ በሁለቱ አንጓዎች መካከል እንደ ድልድይ የተዘረጋ ነጭ አጥንት ነበር። ሐኪሙ በእስክርቢቶ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ተከተሉትና «ይኸው፣ አንድ ሆኗል» አሉኝ። ዛሬ ቅዳሴውን አብዛኛውን ቆሜ አስቀድሳለሁ፣ ሦስት ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ። የእግሬ ቃጠሎ አሁን የለም፤ አውራ ጣቴ ይነሣል፣ እንደ ቀኙ ግን አይደለም። የእግሬ ጀርባ በመዳፍ ስፋት ያህል እስካሁን ድንዝዝ ነው፤ ዘግይቶ የተላቀቀ ነርቭ ሁሉን አይመልስም። በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ጠዋት ወገቤ ይገትራል፣ ሩብ ሰዓት ስራመድ ይፈታል። ሁለቱ አንጓዎች ስለማይታጠፉ ከበላይና ከበታች ያሉት ጫናውን ይሸከማሉ፣ በዓመታት ውስጥም ሊደክሙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ክብደቴን እጠብቃለሁ፣ እንቅስቃሴዬንም አላቋረጥሁም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ከሆስፒታል ስትወጡ የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ቅጂ፣ የብሎኑን ዓይነትና መጠን የሚገልጸውን ወረቀት፣ የኤም አር አዩን ሲዲ ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ምናልባት ከዓመታት በኋላ ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ብትሄዱ በመጀመሪያ የምትጠየቁት ይህን ነው። የእኔው ከልጆቼ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ ነው ያለው፤ ልጄም ቦታውን ታውቃለች።